ፊርዶስ የምትይዘው ጆሮ

ነሐሴ 2 ቀን 2013፣ መርሳ

ቶይባ ጠዋት ሄደች። ደሴ፣ ለመውለድ። የበፊቱ በቀዶ ጥገና ስለነበር እዚህ አይሆንም አሏት። ባሏ ዓሪፍም አብሯት ነው። ልጃቸውን ፊርዶስን ለእኔ ተዉ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት ነን፣ ለማን ትተዋት?

"ለሳምንት ነው፣ እትዬ አሰለፈች" አለችኝ። "ጆሮ ካልያዘች አትተኛም። ጆሮሽን ስጫት።"

ጆሮ ምን ያስቸግራል ብዬ ቀን አስተኛኋት። ሎቲዬን ሳላወልቅ! እንቅልፍ ጭልጥ ሊያደርጋት ሲል የግራውን ጎተተችው። እኔ ጮህኩ፣ እሷም ደንግጣ ጮኸች። ስንላቀስ ጎረቤታችን ወይንሸት ከማዶ ብቅ አለች።

"አሰለፉ፣ ከሁለታችሁ ሕፃኗ የትኛዋ ናት?"

ሁለቱንም ሎቲ አውልቄ ጣሳ ውስጥ አኖርኩ። ለሳምንት ምን አለው...

ነሐሴ 8

ከተማው በታጣቂዎች ተያዘ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም መብራትም የለም። ቶይባ ወልዳ ይሆን? ማን ይነግረኛል?

አልጋ ሥር ተኝተን ዋልን። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ላለ ሰው ይሄ ድብብቆሽ ነው። ከባዱ መሣሪያ ዝም ሲል "ድገሚው እቴቴ" ትለኛለች። እኔ የምተኩሰው መስሏታል።

መስከረም 3 ቀን 2014

ጆሮዬን ይዛ፣ ይዛ... ገልበጥ አድርጋ አየችው። "የእማዬ እንዲህ አይደለም" አለች።

እውነቷን ነው። የቶይባ ግራ ጆሮ ከታች ስንጥቅ ነው። ልጅ ሳለች ጉትቻዋን ፍየል ጎትቶባት። ለካ ልጅቱ በጣቷ ታውቀዋለች።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቶሎ ይረሳል ይላሉ። እኔ ቤት ሆና እናቷን አትረሳም። አበቃ። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ከመተኛቷ በፊት እጠይቃታለሁ።

"የእቴቴ ጆሮ?"
"ድፍን።"
"የእማዬስ?"
"ስንጥቅ።"
"ማን ሰነጠቀው?"
"ፍየል!"

ከዚያ እንደ ፍየል ትጮሃለች፣ እንቅልፉም ይጠፋል። የራሴ ጥፋት ነው። ይሁን።

ጥቅምት 9

ፊርዶስ ከሳች። ሽሮ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። የቀረችኝ በቅርጫት ሥር የተደበቀችው ዶሮ ብቻ ናት። ግን የክርስቲያን ቤት እርድ ለእስላም ልጅ እንዴት አድርጌ?

"ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች?" አለች ወይንሸት።

እሷ አታውቅም። እናቷ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ።

ዶሮዋን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ እስላሙ ሽማግሌ፣ ወደ አባ ጀብሪል። ታጣቂዎቹ አጠገብ ስደርስ መንጫጫት ጀመረች። እኔም ማሳል። ስትንጫጫ ስስል፣ ስትንጫጫ ስስል... አንዱ "እናት፣ ውሃ ጠጪ" አለኝ።

አባ ጀብሪል ደነገጡ። "ለዚህ ብለሽ ነው በዚህ ቀን የወጣሽ?"

"አባ፣ አደራ ነው። ይረዱልኝ።"

ቢላቸውን አነሱ።

በቶይባ ምድጃ፣ በቶይባ ድስት ሠራሁት። ስትበላ ማየት... ምን ብዬ ልጻፈው? ጣቷን ሁሉ ላሰች። ችግሩ ካላጎረስኩሽ ማለቷ ነው። በእስላም እጅ የታረደ አልበላም ብዬ ለእሷ ምኑን አስረዳለሁ? "ጥርሴን አሞኛል" አልኳት። አፌን አስከፍታ መረመረችና ወይንሸት ዘንድ ሮጠች።

"የእቴቴ ጥርስ ሞተ።"

ኅዳር 12

ዛሬ "እማዬ" አለችኝ። ውሃ ስትጠይቀኝ፣ እንደ ዋዛ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ማንም ብሎኝ አያውቅም።

ውሃውን ሰጠኋት። ጆሮውን ሳልጠይቃት አስተኛኋት።

ኅዳር 13

ምን ነካኝ?

ገና ስትነቃ ጠየቅኳት። "የእማዬስ ጆሮ?" አሰበች። "ድፍን" አለች።

የማን እንደሆነ ገባኝ። የእኔ ነው። ደስታዬን ዋጥኩት፣ አሰለፈች ሌባ አይደለችም።

ከሊጥ ሁለት ጆሮ ሠራሁ። አንዱን ድፍን ተውኩት፣ አንዱን በቢላ ሰነጠቅኩት። ጋገርኩና አቀረብኩላት። ድፍኑን ግምጥ! ስንጥቁን ግን አየችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ይሄ አይበላም። የእማዬ ነው።"

ኪሷ ከተተችው። እኔን እንደበላችኝ ልብ በሉ።

ኅዳር 29

ጆሮው ድንጋይ ሆኗል። አብሯት ይተኛል። አይጥ ጫፉን ነካክታው ነበር፣ እናቷን የበላችባት ያህል አለቀሰች። "እማዬ" ስትለኝ "አቤት" አልልም። "እቴቴ" እስክትል ዝም። አንዳንዴ ረጅም ነው ዝምታው...

ታኅሣሥ 12

መንገዱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ቶይባ መጣች። አይሱዙ ላይ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ፣ ሚስባህ የሚባል የአራት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋ። ሕፃኑን ለዓሪፍ ሰጥታ እጇን ዘረጋች።

ፊርዶስ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። "እማዬ" አለች። እኔን።

ቶይባ ሰማች። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

"ጆሮሽን" አልኳት።

"ምን?"

"ጆሮሽን አሳዪያት ልጄ፣ ግራውን።"

ተንበርክካ ሻሿን ገለጥ አደረገች። ፊርዶስ ከቀሚሴ በአንድ ዓይን አየች። ያን የደረቀ ሊጥ ከኪሷ አውጥታ ተጠጋች። ሊጡን ዳሰሰች፣ ጆሮውን ዳሰሰች። ደግሞ ሊጡን።

"ፍየል" አለች።

ቶይባ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ፊርዶስ ግን ጆሮውን አልለቀቀችም። በደንብ እንዲገባት እንደ ፍየል ጮኸችላት። ይሄኔ ነው ቶይባ ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው።

ታኅሣሥ 15

ቤቱ ሰፋብኝ። ከግድግዳው ማዶ የፍየል ጩኸት ይሰማል፣ አሁን ለሚስባህ እያስተማረችው ነው።

ሎቲዎቹን ከጣሳው አወጣሁ። አራት ወር ሙሉ... የጆሮዬ ቀዳዳ ሊደፈን ምንም አልቀረው። በቅቤ አሽቼ ቀኙን እንደምንም አስገባሁት። አመመኝ፣ ግን ገባ።

ግራውን ልጀምር ስል ቶይባ በር ላይ ቆመች። ቅዳሜ ገበያ ልትወጣ ነው፣ ሚስባህን ይዛ ትሄዳለች፣ ፊርዶስ ግን... "ቀን ታስተኚልኛለሽ?"

ግራውን ሎቲ ጣሳው ውስጥ መለስኩት።