እማዬ የቆጠረቻቸው ከዋክብት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ ወጋየሁ፤
ኪየቭ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሳልህስ ለቀቀህ? ትምህርቱስ? ናፍቆትህ ለብቻው ነው። እኛ በሕይወት አለን፤ የጤናችንን ነገር ከታች እጽፍልሃለሁ።

የላክህልኝ ዜኒት ካሜራ ደርሶኛል፤ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ፎቶ ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳነሳ ስለምውል፣ በራሴ ካሜራ ደግሞ ያንኑ መድገም አላማረኝም። ልጆች ሳለን እማዬ ደጅ አውጥታ የምታስቆጥረን ሰባቱ ከዋክብት ትዝ አሉኝና ሰማዩን ላንሳ አልኩ። እራት እንደበላን ካሜራውን ባለሦስት እግር ዱካ ላይ አስሬ፣ የብርሃን መዝጊያውን ለብዙ ደቂቃ ከፍቼ ተውኩት። ፊልሙን ሳጥበው ከዋክብቱ ድመት የቧጨረችው ይመስል መስመር መስመር ሆነው ወጡ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ገብረ መድኅን «ካሜራሽ ተንቀጥቅጦ ነው» ብለው ሳቁብኝ። ዱካው ላይ ድንጋይ ጭኜ ደገምኩ፤ አሁንም መስመር። ለካ የምትንቀሳቀሰው መሬት ኖራለች!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አልለቀቅኩም። አንተ ከካሜራው ጋር በጻፍክልኝ መሠረት አናጢው ኑሪ ሁለት ጣውላ በማጠፊያ አገናኝቶ ሠራልኝ። ማጠፊያውን በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ አስተካክዬ ከሥሩ ያለውን ብሎን ቀስ እያልኩ ሳዞር፣ ካሜራው ከዋክብቱን ተከትሎ ይሄዳል። አብዮት ጠባቂዎቹ «ሰማይ ላይ ደግሞ ማንን ትሰልያለሽ?» ብለውኝ ነበር፤ ኋላ ግን አንደኛው ራሱ ከነጠመንጃው እንዳነሳው ለመነኝ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ወጡልኝ። ሰባት ብቻ አይደሉም፤ ዓይናችን ያላያቸው ብዙ አሉ፣ በመካከላቸውም ስስ ጉም የመሰለ ነገር አለ። ዓይን የሚያየው የአሁኑን ብርሃን ብቻ ነው፤ ፊልም ግን ጥቂት ጥቂቱን ያጠራቅማል። ይህ ነገር ሲያሳስበኝ ሰነበተ።

ፎቶውን በትልቁ አትሜ ይደርቅ ብዬ ሰቀልኩት። በማግስቱ ማሚቴ በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። ማሚቴ ፎቶ ቤት የታተመውን ፎቶ የምታሰናዳልን ልጅ ናት። ያተምኩትን አውቀዋለሁና ሳልከፍተው፣ መጀመሪያ እማዬ ትየው ብዬ ለእሷ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፤ በጣቷ እየነካች አንድ ብላ ጀምራ ሰባት አደረሰችና «እሰይ፣ አንድም አልጎደለ!» አለች። ተቀብዬ ባየው ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። የማሚቴ ሥራዋ ፎቶ ላይ የቀረ ነጭ የአቧራ ነጥብ በቀጭን ብሩሽ በቀለም ማጥፋት ነው። ያን ሁሉ ኮከብ አቧራ ነው ብላ አንድ በአንድ አጥፍታዋለች።

ልስቅ ስል እማዬ ባዶ ጥቁር ወረቀት ላይ ሰባት መቁጠሯ ትዝ አለኝ። ባለፈው የላክኸውን ፎቶግራፍ ይዛ «ወፍሯል» ስትል፣ ከስተህ እያየሁህ፣ የእናት ዓይን ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ሲያድር ፎቶው ላይ ምንም እንደሌለ ነገርኳት። ቀኝ ዓይኗ ከፋሲካ ወዲህ እንደማያይ፣ ግራውም ጭላንጭል ብቻ እንደቀረው ነገረችኝ። ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዓይን ሞራ ነው፣ በኦፕራሲዮን ይወጣል አሉን። እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። «ወጋየሁ ሳይመጣ ይህችን ጭላንጭል ቢላ አላስነካም። ብትጠፋስ በምን አየዋለሁ?» አለችኝ። ላንተ እንዳልጽፍም አስጠንቅቃኛለች፤ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል ብላ ነው። ወንድም ጋሼ፣ አትምጣ፤ ጻፍላት። የእኔን ምክር የልጅ ወሬ ታደርገዋለች፣ ያንተ ቃል ግን ይገባታል። «ስመጣ በጭላንጭል ሳይሆን በሙሉ ዓይንሽ እንድታይኝ እፈልጋለሁ፤ ታከሚ» በላት። ደብዳቤህን የማነብላት እኔ ነኝ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስምም። እንደምታለቅስ አውቃለሁ፤ እኔም ይኸው እያለቀስኩ ነው።

እትዬ አሰገደች በጣም ናፍቀኸኛል ትልሃለች። ኑሪ ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። ማሚቴ ስላጠፋችው ከዋክብት አፍራ ሰላምታዋን እንኳ በሹክሹክታ ነው የላከችው። ፊልሙ ስለተረፈ ለአንተ አንድ አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «እናትህ ምንም አልሆነችም፣ አንተ ብቻ በርታ በይው» ትለኛለች። ይኸው፣ ብላለች።

እህትህ ፅጌረዳ
መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.