ኤርሲሊያ ከሥራ እስክትወጣ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ሄንስሊ፤

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? የሮተርዳም ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ደረትህን ሲያፍንህ የከረመው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሣሃል? ዮሐና ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም። በስልክ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» ብዬ የዘጋሁብህ አንደበቴ ስለተሳሰረ ነው። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ሐኪሙ አውሮፕላን ከከለከለው ወዲህ አባዬ ያደገባትን ደሴት ኩራሳውን ሳያይ እንዳይሞት ብለን ስንጨነቅ፣ «በሽርሽር መርከብ ውሰጂው፤ ሰፈሩን ሲያይ ልቡ ይመለስለታል» ያልከው አንተ ነህ። እኔም አምኜበት ነው የሄድኩት። ከሳን ሁዋን ስንነሣ፣ እንደምታውቀው፣ መናገር ትቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ ባሕሩን ከማየት በቀር አንድ ቃል አልወጣውም።

ኩራሳው በደረስንበት ጠዋት የድሮ ሰፈሩ ባለበት በኦትሮባንዳ በኩል ወረድን። ሳይመሽ ተመለሱ ተብለናል። እግሩ መሬት ሲነካ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ምኑ እንደነካው እንጃ፤ ከዘራውን አስይዞኝ ቀደመኝ። ከመርከቡ የወረዱት ሌሎቹ እንግዶች ካርታ ዘርግተው ሲከራከሩ፣ እሱ በሁለት ግድግዳ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ እጥፍ አለ። አቀበቱን፣ ደረጃውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ፣ አንዱንም ሳይስት መራኝ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ! «ሄንስሊ ይህን ባየ!» እያልኩ ከኋላው ቱስ ቱስ እላለሁ።

አንድ ጥግ ላይ ፓስቴቺ የሚሉትን ሳምቡሳ የምትጠብስ አሮጊት ተቀምጣለች። ፊሎ ትባላለች፤ የልጅነት ጎረቤቱ ናት። ስታየው ማንኪያዋን ዘይቱ ውስጥ ጥላ ጮኸች።

«ኦርኔሊዮ! አንተ ቀጣፊ፣ እስካሁን አልሞትክም እንዴ?»

«አንቺን ሳልቀብር? ምን አስቸኮለኝ!» አላት።

ስንት ጊዜ ድምፁን የተራብኩት አባቴ! ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ፊሎ ወደ እኔ ዞራ «ይህቺስ ልጅህ ናት አይደል? አፍንጫዋ ቁርጥ እናቷ ኤርሲሊያ!» አለችው። አባዬ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና «የመርከቡ ሠራተኛ መሰሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተለዩኝም» አላት።

አንቱ አለኝ፣ ሄንስሊ። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ አባቴ አንቱ አለኝ። የፊሎ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ከምጣዱ ያወጣችውን በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችና «ብዪ ልጄ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብቻ አለችኝ። እንደተጠቀለለ ያዝኩት።

አባዬ ግን ተነሣ። «ኤርሲሊያ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ፤ ልቀበላት» አለ። እማዬ ከድልድዩ ማዶ፣ ፑንዳ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ትሸጥበት የነበረውን ሱቅ ማለቱ ነው። ወደ ተንሳፋፊው ድልድይ በፍጥነት ወረደ። እኔ ነፋስ የጣለበትን ባርኔጣ ላነሣ ጎንበስ ስል የድልድዩ ደወል ጮኸ። አጥሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ፤ ድልድዩም ለሚገባ መርከብ መንገድ ሊለቅ አባዬን እንደያዘ ወደ ውሃው ዞረ። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። ዘወር ብሎ አየኝና እጁን አወዛወዘልኝ፤ መንገደኛ ለማያውቀው መንገደኛ እንደሚያወዛውዘው።

ድልድዩ ተመልሶ ሲገጥም እየሮጥኩ ተሻገርኩ። ሱቁ አሁን ሽቶ ቤት ሆኗል። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ፀጉሩን በመዳፉ እያስተኛ ነበር። ዘበኛው «አባባ፣ ሽቶ ካልገዙ መንገዱን ይልቀቁልን እንጂ! ወይስ ሙሽራ ነው የሚጠብቁት?» እያለ ይቀልድበታል። አባዬም ኮራ ብሎ «እንዴታ! ሙሽራዬን ነው» አለው።

ወዲያው የመርከባችን ጡሩምባ ተሰማ። መድኃኒቱ ያለው እዚያ ነው፤ ልቡን ደግፎ የያዘለት እሱ ነው። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ።

«እመቤቴ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ አይዘግዩብኝ» አለኝ። «እኔ ሚስቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ክንዱን ይዤ ስጎትተው የበሩን ብረት ጨብጦ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። ዘበኛው «ሴትዮ፣ ልቀቂያቸው!» ብሎ መሃላችን ገባ። ያን ጊዜ ነው ከአፌ ያመለጠኝ፦ «ኤርሲሊያ አትወጣም፣ አባዬ። ሞታለች። ቀብረናታል።»

እጁ ከብረቱ ላይ ወደቀ። «ጠዋት እኮ ሸኝቻታለሁ» አለ። ከዚያ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። እማዬን የቀበርን ዕለት ታስታውሳለህ፣ እኛን ሲያጽናና እንባ አልወጣውም ነበር። ያኔ ያላለቀሰውን ሁሉ እዚያ ሱቅ ደጃፍ ላይ አለቀሰው። እንግዶቹ እግሩን እየዘለሉ ያልፋሉ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለኝ። ከዚያ በኋላ አባዬ አልታገለኝም፤ እንደሚነዳ በግ ተከተለኝ።

ሲነጋ ያለቀሰበትን ረስቶት ነበር። ሐዘኑ ግን እሱን አልረሳውም። ቤት ከገባን ወዲህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው ይወርዳል፤ ከእህልም እየሸሸ ነው። «እመቤቴ፣ ማን ነው የሞተብን?» ይለኛል። አንድ ቀን እውነቱን ነገርኩት፤ እንደ አዲስ ሞተችበት። በማግስቱ «ማንም አልሞተም» አልኩት፤ «ታዲያ ይህ ልቤን የሚበላኝ ምንድን ነው?» ብሎ እስኪመሽ ሲያነባ ዋለ። የምለው አለቀብኝ፣ ሄንስሊ። ያንተን ምክር አልወቅስም፤ ና ብዬም አልለምንህም። መጥተህ «እርስዎ ማን ነዎት?» ሲልህ እንድትሰማ አልፈልግም።

ዮሐናን አቅፈህ ሳምልኝ። ሳንደርን በርታ በለው፤ ሚላን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ይህን ግን አታንብብላቸው። ለአማትህ ለእትዬ ኮርኔሊያም እጅ ነሥቻለሁ። አባዬ ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጨምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እህትህ ሉድዊና
ሳን ሁዋን፣ ማርች 9 ቀን 2014