ስምንት ሰው

ኦገስት 3፣ እሑድ

ኤድመንተን (እኛ) 2፣ ክላፋም 17። የለንደን ዝናብ። ውጤት የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ ሜዳው ላይ ከእርሳሴ በቀር የሠራ ነገር የለም።

አሰልጣኙ አባዬ ነው። በደርግ ጊዜ ኩባ ልከውት ተማረ። ሌላው ሐኪም ሆኖ ሲመለስ እሱ ቤዝቦል ይዞ ተመለሰ... ተጫዋቾቹ የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ሲሮጡ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል።

የክላፋሙ አሰልጣኝ ጋሽ ኃይለመለኮት ነው። ኩባ ከአባዬ ጋር ተደራቢ አልጋ ይጋሩ ነበር፤ እሱ ከላይ፣ አባዬ ከታች። አሁን ሰላም አይባባሉም። ለምን? ራሳቸውም የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ጋሽ ኃይለመለኮት ሲያሸንፍ ቀስ ብሎ መነጽሩን ይወለውላል። ስጠላው!

ኦገስት 6፣ ረቡዕ

ከሊጉ ኢሜይል መጣ። ዘጠኝ ሰው ሳናሟላ ሁለቴ ቀርተናል። አንዴ ከደገምን ቡድኑ ይሰረዛል። ለአባዬ አነበብኩለት።

"እሺ" አለ። ያጠበውን ሳህን መልሶ አጠበ።

ኦገስት 15፣ ዓርብ

እሑድ እንደገና ክላፋም። ሰው ቆጠርኩ፤ ልክ ዘጠኝ! ግን ዘጠነኛው ሳዶቅ ነው። ዲያቆን። ፍልሰታ ላይ ነን፣ ቅዳሴው ሳያልቅ አይወጣም። ደንቡን ቼክ አደረግኩ፤ ተጋጣሚ ከተስማማ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይቻላል።

"አባዬ፣ ለጋሽ ኃይለመለኮት ደውልና ትንሽ ጠብቁን በላቸው።"

"እኔ ነኝ የምደውልለት?"

"እኔ ልደውል?"

"አርፈሽ ተቀመጪ!"

አረፍኩ። በሕይወቴ አንዴ ታዘዝኩ።

ኦገስት 17፣ እሑድ

ስምንት ሰው።

አባዬ ወዲህ ዳር፣ ጋሽ ኃይለመለኮት ወዲያ ዳር። ሁለቱም ስልካቸውን ያያሉ። ዳኛው አባዬን "የምትጠይቀው ነገር አለ?" አለው። "የለም።" ሃያ እርምጃ ሄጄ እኔ ራሴ መጠየቅ እችል ነበር። አልሄድኩም።

ኤድመንተን 0፣ ክላፋም 9። አንድ ኳስ ሳይወረወር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሰው ያላሟላ 9 ለ 0 ይሸነፋል። መዘገብኩ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሳዶቅ ከነነጠላው እየሮጠ ደረሰ። "ጀመራችሁ?" የውጤት ደብተሩን አሳየሁት።

ጋሽ ኃይለመለኮት አባዬን ሊያናግር መኪናችን ድረስ መጣ።

"ደምመላሽ፣ ጠብቀኝ ብትለኝ እኮ እጠብቅህ ነበር።"

"ላስቸግርህ አልፈለግኩም።"

በቃ። ይኼው ነው። ሁለት ሽማግሌ... ሲሪየስሊ። ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ልቅሶም አልመጣም።

ኦገስት 24፣ እሑድ

ጨዋታ የለም። ቡድንም የለም።

አባዬ ሁልጊዜ ከቅዳሴ መሀል ሹልክ ብሎ ወደ ሜዳ ይሮጥ ነበር። ዛሬ እስከ መጨረሻው ቆመ። ጸበል ጠጣ። ስለ መኪና ማቆሚያው የተነገረውን ማስታወቂያ እንኳን አዳመጠ። እማዬ "ተመስገን" አለች።

ሰው ሁሉ ወጣ። እሱ በካልሲው እዚያው ቆሟል። "አባዬ፣ በሩ ጠፋህ እንዴ?" ልለው አፌ ላይ ደረሰ።

ዋጥኩት። ጫማውን ፈልጌ አመጣሁለት።