ለእንግዳ የተመረጠ ደም

ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

በፎገራ ሜዳ ላይ ከእኔ ደም የሚወዳደር ደም የለም። ሜዳው ሰፊ ነው፤ በቀበሌያችን በቁሐር ሚካኤል የለም ልበል። ዛሬ የወባ አጥኚዎች ጣቴን ወግተው አዩና «ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ጉድ የሠራኝም ይኸው ደሜ ነው። ትናንት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ለጥናት ደም የሚሰጡ ሰዎች ይምጡ» ሲል ቄሳችን መምሬ ተገኘ፣ «ከታመመ ሰው ደም ይቀዳል? ለእንግዳስ የከሳ በግ ይታረዳል?» አሉ። ሁላችንም እውነት ነው አልን። ዛሬ ጠንካራ ጠንካራውን አሰለፍን፤ በወባ ንዳድ የወደቁትን ቤት ዘጋንባቸው። እኔም ባለቤቴን የሺን እያንቀጠቀጣት ትቼ ከሰልፉ ፊት ቆምኩ።

ሲጨርሱ አብሯቸው የመጣው ሐኪም፣ «እዚህ ወባ የለም። ያመጣነው መድኃኒት ለይፋግ ይሁን» አለ።

«ኧረ ጌታዬ፣ በሽተኞቹን ደብቀናቸው እኮ ነው! የእኔዋ ልትሞትብኝ ነው!»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «አይስሙት፤ ቀልድ ልማዱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እንግዳ ፊት መዋረዱን ፈርተው አቀረቀሩ። እኔ በሚካኤል ስምል ሰዉ ሲስቅ፣ መኪናው ጭቃውን እየረጨ ሄደ። ስንቱን ሳስቅበት የኖርኩት አፍ ዛሬ የሚያምነው አጣ። በማታ ትምህርት መጻፍ ከተማርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን አልጻፍኩም።

ቤት ገብቼ ለየሺ ነገርኳት። «ያን የምትመካበትን ደም ለእኔ አበድረኝ» ብላ ሳቀች። ነገ የወንዙ ሙላት ካሳለፈን በቃሬዛ ይፋግ አደርሳታለሁ።

የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። የየሺን ቃልና ሳቅ ብቻ እኔ ፈጠርኩት። ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስጠራት አትመልስልኝም።