ቃሬዛህን አላስነካም

ለአባባ፣

ለአባት አንቱ ይባላል፤ አንተ ግን «አንቱታ ለሩቅ ሰው ነው» እያልክ ስላሳደግኸኝ ዛሬም አንተ ነው የምልህ። ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ ዳሱ ፈርሷል፣ ያለቀሰውም ሰው ወደ ሥራው ገብቷል። እኔ ግን አኩርፌያለሁ። በአንተ አይደለም፤ እርሺው እያሉ በሚመክሩኝ ሰዎች ነው።

አራዳ እንደተውካት አይደለችም። አውቶሞቢሉ እየበዛ ኮርቻ የሚገዛ ጠፍቷል። ወስፌህንና መዶሻህን አስቀምጠን የኮርቻ ሱቅህን አከራየነው። ይህን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የቃሬዛውን ነገር ነው።

ሁለቱን አጣና በኮርቻ ጠፍር እየጠላለፍክ ስትሠራው እናቴ ማን ሊሞትብህ ነው ብላ ምን ያህል እንደተቆጣች ታስታውሳለህ። አንተ ግን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀልከው። ለሥራ ብሎ አገሩን ለቆ መጥቶ ገበያው አጥር ሥር የወደቀ፣ ወገን የሌለው ሰው ሁሉ በእሱ ተሸኘ። በኋላ አንተንም የሸኘንህ በእሱ ነው።

ደግሞ የደብሩ ገበዝ! አዲስ የመጡ ሰሞን ያመጣኸውን ሬሳ የማን ወገን ነው ብለው ሲጠይቁህ «ወንድሜ ነው» አልክ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሬሳ ይዘህ ሄድክ፤ እሱንም «ወንድሜ ነው» አልክ። ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ ወንድም ሞተብህ። ሰውዬው የዋህ ናቸው፣ አምነውህ ኖሯል። ቤታችን ድረስ መጥተው በዚህ ዘር ላይ ምን መቅሠፍት ወረደ፣ ሱባኤ ይያዝላችሁ እንጂ እያሉ ከልባቸው አዘኑ። እናትህ ስንት ነው የወለደችው ቢሉህ፣ አቀርቅረህ «እናቴስ ወላድ ናት» አልካቸው። አያቴ የወለደችው አንተንና ጋሼ ወልዴን ብቻ! እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ነክሼ ሳቅሁ። ገበዙም ውሎ አድሮ ገባቸው መሰለኝ፣ ቃሬዛህን ከሩቅ ሲያዩ ፈገግ ብለው በሩን ያስከፍቱልህ ጀመር።

አሁን ታናሽህ ጋሼ ወልዴ ይፈለጥና ማገዶ ይሁን ይላል። ሟርት ነው፣ በቃሬዛ ሥር አልፎ የሚያጭሽ የለም አለኝ። አጣና ፈርቶ የሚመለስ ባል ከደጅ ይመለስ፣ ቆሜ ብቀር ይሻለኛል አልኩት። እስካሁንም ቃሌ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው ሴትዮ ከጊዮርጊስ በታች ዝናብ ላይ ወድቃ ሞተች። ስሟን እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። ሰዉ ከቦ ቆሞ ዘበኛ ይጠራ፣ ወገን ይፈለግ ይባባላል። ሮጬ ቃሬዛውን ሳወርድ ጋሼ ወልዴ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሴት ልጅ ቃሬዛ ስትሸከም የት አይተሻል አለኝ። ዛሬ እይ ብዬው አለፍኩ። ከፊት እኔ፣ ከኋላ ጨው ነጋዴው ጎረቤታችን በድሩ ሆነን አነሳናት። እሱ የሚሰግደው መስጊድ ነው፤ ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አልለቀቃትም። ዳገቱ ላይ ትከሻዬ ሲዝል አንድ እጅ አጣናውን ወሰደብኝ። ዞር ስል ጋሼ ወልዴ ነው፣ እያጉረመረመ።

ገበዙ ከበሩ ላይ ቆመው የማን ወገን ናት አሉ።

«አክስቴ ናት» አልኩ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

ወደ ጋሼ ወልዴ ዞረው፣ እህትህ ናት ወይ ብለው ጠየቁት። እኔን አየ፣ ቃሬዛውን አየ፣ ግንባሩን ጠረገና «ታላቄ ናት» አለ። ገበዙ በሩን አስከፈቱ።

ቃሬዛው ቦታው ተመልሷል። በዝናብ የራሰውን ጠፍር አድርቄ ቅቤ አጠጥቼዋለሁ። ሐውልት ላቆምልህ አቅም የለኝም፤ እኔ እስካለሁ ግን ከዚህ ሰፈር ወገን የለውም ተብሎ ሜዳ የሚቀር ሬሳ አይኖርም። የማስታውስህ እንዲህ ነው። አትስጋ አባባ፣ እናትህ ዛሬም ወላድ ናት።

ልጅህ አስካለ