ቢጫው ፈረስ

ታኅሣሥ 10፣ ማታ

ዛሬ ዘጠነኛ ክፍልን የመስታወት ቀለም ምንድን ነው አልኳቸው። ሁሉም ብር አሉ። አንዷ ብቻ ቀለም የለውም አለች። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት አቆምኩ፤ መሃል ላይ ነጭ ጠመኔ። ጠመኔው ውስጥ ለውስጥ እየተደጋገመ ራቀ፣ ራቀ… መጨረሻው አረንጓዴ! ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ይደንቀኛል። መስታወት የሰጡትን ብርሃን ይመልሳል፤ ከአረንጓዴው በቀር ግን ከሌላው ቀለም ትንሽ ትንሽ ያስቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ሲመልስ ማንም አይነቃበትም። ጎበዝ ሌባ!

ቤት ስገባ አባዬ ራት አልበላም ብለዋል። ሰው ሁሉ የኔታ የሚላቸው መሪጌታ አባቴ ሲቆጡ አይጮኹም፤ ከጾሙ በላይ ይጾማሉ። ነገሩ፦ በደብራችን መቅደስ ግድግዳ ላይ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ቢጫ ሆኗል። የጥንቱን ሥዕል አስቀብተው ያበላሹት የደብሩ ኃላፊ፣ ቄሰ ገበዝ አያሌው ናቸው ይላሉ አባዬ። በ23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሕዝብ ፊት ሊያጋልጧቸው ነው። የልጅነት ጓደኛቸውን! አብረው ቁራሽ እየለመኑ የተማሩትን! አያሌውን በአንድ ዓይን ነው መሣል አሉ። በሥዕላችን ክፉ ሰው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ነውና የሚታየው።

ታኅሣሥ 14፣ 11 ሰዓት

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሥዕሉን በስልኬ መብራት አየሁ። ማስታወሻዬ፣ ፈረሱ ነጭ ነው! ጭስ ትንሽ ነክቶታል እንጂ ነጭ። ለአባዬ ነገርኳቸው። የስልክ መብራት ራሱ ሰማያዊ ነው፣ ምስክር አይሆንም አሉኝ። ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ የፈራሁትን አወጣሁት። ምናልባት ዓይንዎ ይሆናል፣ የዓይን ሞራ ነገሩን ሁሉ ቢጫ ያለብሳል፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ይይዎት አልኳቸው። ተነሥተው ወጡ። ድጓውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማየት እንደቸገራቸው ማንም አልጠረጠረም።

ታኅሣሥ 17

ምስክር ከተፈለገ ፀሐይ አለች። በዚህ ወር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ጠዋት በደቡብ ያለውን የሴቶች በር ትመታለች። ብርሃኗን ወደ ሥዕሉ ልመልስበት የቁም ሳጥኔን መስታወት ነቀልኩ። ቄሰ ገበዙ ተቀይመዋል፤ ግን እሺ አሉ። አባዬም ፀሐይ አትዋሽም ብለው እሺ አሉ። ሁለቱም እርግጠኞች። ጭንቁ ለእኔ ተረፈ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በደቡቡ በር ቆሜ ፀሐይዋን በመስታወቱ ያዝኳት። ብርሃኑ እንደ ምሰሶ ተጋድሞ ገባ፤ አቧራው ይጨፍርበታል። ውስጥ፣ ጥጉ ላይ፣ ቄሰ ገበዙ በሌላ መስታወት ተቀብለው ወደ ሥዕሉ መለሱት። ሰው ሁሉ እልል አለ። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ ብርሃን! ጨለማ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀባብለው ያስገቡታል፣ እሱም ይሄዳል። እኔ ከበሩ ብነቃነቅ ስለሚጠፋ ሥዕሉን አላየሁም። የሰማሁትን ልጻፍ።

አባዬ ይኸው ቢጫ አሉ። ቄሰ ገበዙ ነጭ አሉ። ዲያቆናቱም ነጭ አሉ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ አባዬ ትናንት ያጠብኩላቸውን ጋቢ ጫፍ አንሥተው ከፈረሱ ጎን ብርሃኑ ውስጥ ዘረጉት። ደጋግመው አዩ። ድምፃቸው እስከ በሩ ተሰማኝ፦

«አያሌው፣ ጋቢዬንስ ማን ቀባው?»

ቄሰ ገበዙ መስታወቱን አስቀመጡ መሰለኝ፣ ብርሃኑ ጠፋ። ሁለት ሽማግሌ ጨለማው ውስጥ ሲያለቅሱ ሰማሁ። እኔም መስታወቴን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ።

ማታ አባዬ ሁለቱን መስታወትና ጠመኔውን አሳዪኝ አሉ። አረንጓዴው አልለይላቸው አለ፤ ቢሆንም አመኑኝ። የእኔው የዓይን መስታወት ደግሞ ቢጫ ያወጣል ማለት ነው ብለው ሳቁ። ይህን ያህል ኮርተው ኖረው በአንድ ጋቢ ጫፍ መረታት! እንዴት እንደወደድኳቸው።

ራት በሉ።

ተወስኗል። ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ደብረ ታቦር። ቄሰ ገበዙ የአባዬን እጅ ይዘው አብረው ይሄዳሉ። በ23 ሕዝብ ፊት መቆሙን ግን አባዬ አልተውም አሉ። ይቅርታ ሊጠይቁ። ቀጥሎም ፈረሱን እንደሳቸው ቢጫ የሚያየው ሌላ ማን እንዳለ ሊጠይቁ፤ ካለ አብሯቸው እንዲሳፈር።