ገመዱ በደጃችን ሳለ

ማርች 2

ጭቁኙ ከባሕሩ ግድብ ሥር ብቅ ብሏል። ገና ጥፍር ቢያህል ነው። አንድ እፍኝ ቀጥፌ ከጠፍጣፋው ዓሣ ጋር ሾርባ ሠራሁበት። ሰውዬው ባሌ ሁለት ሳህን ጠጥቶ ሲያበቃ «ጨው ያንሰዋል» አለኝ። ባዶ ሳህን ይዞ!

ከሰዓት በኋላ ዛጎል ስናስር ዋልን። በረጅሙ ገመድ ላይ አንዱን ከአንዱ እያራቅን። ፀደይ ሲመጣ ኦክቶፐሷ እንቁላል የምትጥልበት ጓዳ ትፈልጋለች፤ ባሕሩ ወለል ላይ ባዶ ዛጎል ስታገኝ ቤት አገኘሁ ብላ ትገባለች። ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹ ከነቤቷ ይጎትቷታል። ተይ የኔ እህት፣ አትግቢ ብላት ደስ ባለኝ... ግን ምን እንበላለን?

ልጄ ቦራም ከቴጆን ከተማ ደወለች። የመውለጃ ቀኗ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። «እማዬ፣ የባሕር ቅጠሌን አድርቀሻል?» አለችኝ። አድርቄያለሁ። ቁመቴን የሚያህል፣ ያልታጠፈ፣ ያልተሰበረ። የአራስ ሾርባ ቅጠል ከታጠፈ ምጥ ይጠናል ይባላል። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ሳይቆይላት ቀርቷል። ይሄኛውን... ዝም ልበል።

ማርች 5

በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ዘንድሮ ለአድባሩ ማዕድ የሚያቀርበው ማን ይሁን? ሰውዬውን መረጡት። ጉንጩ ቀልቶ፣ የሩዝ ጠላ እየሸተተ ገባ።

«እንኳን ደስ ያለህ በይኛ!»

«እንኳን ደስ ያለህ። ክፍሎቹስ?»

«የምን ክፍሎች?»

የምናከራያቸው ነዋ! የካሜሊያ አበባ ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች የያዟቸው። ማዕድ አቅራቢ ቤት እንግዳ አይገባም። ደም አይታይበትም። ለቅሶ አይደረስም፣ የአራስ ቤት አይረገጥም፣ ወሬውም ጆሮ አይገባም። የሰማ ቤት ረከሰ ነው። መጣላት የለም። ባልና ሚስት ለየብቻ ይተኛሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን እንኳ አልጠላኋትም፤ ያንኮራፋል።

ማዕዱ በዚሁ ወር ነው፤ ቦራም የምትወልደው በሚቀጥለው። ይደርሳል። በደንብ ይደርሳል። ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

ማርች 8

አባባ ቾንማን መጥተው የክልከላውን ገመድ በደጃችን አሰሩት። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አያስረውም። ነጭ ወረቀት የተንጠለጠለበት የገለባ ገመድ። ከበሩ ግራና ቀኝ ቀይ አፈር። በቃ፣ ከእንግዲህ ከፍ ያለ ድምፅ የለም። የመጀመሪያው ጀልባ ኦክቶፐስ ይዞ እስኪገባ ገመዱ አይፈታም።

ስለዚህ የምጣላው እዚህ ደብተር ላይ ነው። አንተ ሰው! ሳትጠይቀኝ ለምን እሺ አልክ? ... ቀለል አለኝ።

ጎረቤቴ ፒልሱን ከገመዱ ማዶ ቆመች። ያቺ የጥሬ ዓሣ ምግብ ቤት ያላት ለካፊ።

«የቦራም እናት፣ ቅድስት ሆንሽ አሉ! ምላስሽንስ ማን ሊያስርልሽ ነው?»

«ያንቺን ያሰሩ ቀን የእኔንም ያስሩታል።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ዘንድሮ አደራ» አለችኝ። ባሏ ባለፈው ፀደይ ከነጀልባው ወጥቶ ቀረ። ያኔ የተመረጠው አባወራ ወንድሙን ሊቀብር ተደብቆ ሄዶ ነበር አሉ፤ ባሕሩ የተቆጣው በዚያ ነው አሉ። አሉ፣ አሉ... ፒልሱን ግን ታምናለች። አሁን ጀልባ የሚያወጣው ልጇ ቴሆ ነው። እኔስ አምናለሁ? አላውቅም። አላምንም ብዬ ግን ፊቷ ላይ መናገር አልችልም።

ማርች 12

ቦራም ደወለች። ድምፁ የእሷ አልመሰለኝም።

«እማዬ... ደም ታየኝ።»

ሆስፒታል አስተኝተዋታል። ንቅንቅ እንዳትል ተብላ። ባሏ ሥራ ይውላል፤ እናት ደግሞ የለውም።

«ነይልኝ እማዬ። ምንም አትሥሪልኝ። ዝም ብለሽ አጠገቤ ተቀመጪ።»

እሺ አልኳት። እሺ! ከአፌ አመለጠኝ። ስልኩን ስዘጋ ገመዱ በመስኮቱ ይታየኛል።

ለሰውዬው ነገርኩት። ሲጋራውን ለኩሶ «ሐኪሞች አሏት አይደል» አለ። ሐኪሞች አሏት! ይህን ሰምታ የማትጮህ ሚስት ካለች ማዕዱን እሷ ታቅርብ። ጓዳ ገብቼ ሩዝ አጠብኩ። የታጠበውን ሩዝ ደግሜ አጠብኩት።

ማርች 13

አባባ ቾንማን ቤት ሄድኩ። መረብ ይጠግናሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሌላ ቤት ሊተካን አይችልም አባባ?»

«ገመድ ከታሰረ በኋላ? አይሆንም ልጄ። ማዕዱ ይቀራል እንጂ። ማዕዱ ከቀረ ደግሞ ጀልባ አይወጣም።»

«እሱ ይቀመጥ፣ እኔ ብቻ ልሂድ።»

«ቤቱ አንድ አይደለም እንዴ? አንቺ የአራስ ቤት ረግጠሽ እሱ ንጹህ ነኝ ሊል ነው?» መረቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «አልከለክልሽም። ማንም አይከለክልሽም። ገመዱን ግን በገዛ እጅሽ ፈትተሽ ሂጂ።»

ምነው በከለከሉኝ። ቢቆጡኝ እኔም እቆጣ ነበር። እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ሲነግሩኝ ምን ልበል? አመስግኜ ወጣሁ። አመሰገንኳቸው!

ማርች 14

ዝናብ። ደም ቆመላት አለ አማቻችን። ከዚያ ደግሞ አልቆመም አለ።

ማርች 16

ሻንጣ አዘጋጀሁ። ሰውዬው ወደብ ወርዶ ነበር። የባሕር ቅጠሉን ሳላጥፍ በጨርቅ ጠቀለልኩና ትከሻዬ ላይ አደረግኩት፤ ወዴት እንደምሄድ መንደሩ ሁሉ እንዲያውቅ የፈለግኩ ይመስል። ገመዱን ግን አልነካሁትም። በሥሩ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። ይህ ምን ይባላል? መሄድም አይደል፣ መቅረትም አይደል።

ኮረብታው በካሜሊያ ቀልቷል። መንገዱ በከተማ ሰው ተሞልቷል፤ ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። የወደቀውን አበባ እያነሱ ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ። እኔም በየዓመቱ የምወደው ጊዜ ነበር።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ፒልሱን ለእንግዶቹ የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች። ሻንጣዬን አየች። ጥቅሉን አየች። አልለከፈችኝም።

«ቦራም ናት?»

«አዎ።»

«ደህና ናት?»

«አይደለችም።»

ተነስታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። «ሂጂ» አለች። «እኔስ እናት አይደለሁ? አላየሁሽም። ይኸው ዞሬያለሁ።»

እውነትም ዞረች። የዞረችው ግን ወደ ወደቡ ነው። ቴሆ የአባቱን የዝናብ ካፖርት ለብሶ ጀልባውን ቀለም ይቀባል። ካፖርቱ ይሰፋዋል፤ እጅጌውን ጠቅልሎታል። ፒልሱን ዓሣዋን መገልበጥ ትታ እሱን ታያለች።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ።

«እናቴ፣ ይወጣሉ ወይስ አይወጡም?» አለ ሹፌሩ።

አልወጣሁም።

ማርች 17

ለቦራም ምን ብዬ እንደነገርኳት አልጽፈውም። «ገባኝ» ብቻ ነው ያለችው። ምኑ ነው የገባት? እኔስ አልገባኝም።

ማርች 19

አማቻችን ደወለ። «እማማ... ወለደች።»

ቀኗ ሳይደርስ። በኦፕራሲዮን። ሴት ናት፤ እፍኝ የማትሞላ። ማሞቂያ ውስጥ አስገብተዋታል። ቦራም ገና አልነቃችም።

«ሕፃኗ ትተርፋለች?»

«አላውቅም እማማ። እነሱም አናውቅም ነው የሚሉት።»

አያት ሆንኩ። ቁጭ አልኩ።

ምን ላድርግ? ሰማሁ። ቤቱ ረከሰ። ሰውዬው ግን አልሰማም... ካልነገርኩት እሱ ንጹህ ነው፣ አይደል? ለአባባ ቾንማን ብነግራቸው ማዕዱ ይቀራል፤ ሰዉ ዛጎሉን ታቅፎ ይቀመጣል። እኔም እንደሆነ አልደረስኩላት። አሁን ብናገር ለማን ይጠቅማል? ዋጥኩት።

ሰውዬው ለምሳ ገባ። «ስልክ ነበር?» አለኝ። ክፍል የሚጠይቅ እንግዳ ነው አልኩት። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ። ሩዙን ሳይጨርስ ተነሳ። እኔም ለምን አልበላህም አላልኩትም።

ማርች 20

ቦራም ነቅታለች። «ስልኩን ስጣት» አልኩት አማቻችንን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማውራት አልፈልግም አለች እማማ» አለኝ።

ማርች 22

ማዕዱ ቀረበ። የሩዝ ቂጣውን የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ በዚሁ በረከሰ እጄ። ሰውዬው ነጭ ልብሱን ለብሶ በካሜሊያዎቹ መሃል ወደ አድባሩ ወጣ። ሴቶች የምንቆመው ከሥር ነው። ሲሰግድ አየሁት። መጨረሻ ላይ ግንባሩን መሬት ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ ቶሎ አልተነሳም።

«አቤት፣ እንዴት ከልቡ ነው!» አለ ሰዉ።

ፒልሱን እጄን ይዛ ታለቅሳለች። «ውለታሽን አልረሳም» ትለኛለች። እጄን መንጠቅ ፈለግኩ። ባሕሩ ቢቆጣስ? ቴሆ ወጥቶ ቢቀርስ? ለልጄም አልሆንኩ፣ ለመንደሩም አልሆንኩ።

ማርች 23

ጀልባዎቹ ዛጎል ሊጥሉ ወጡ። ቴሆም። ነፋስ አለ። ማሞቂያ ውስጥ ያለችውን አሰብኩ፣ ጀልባዎቹን አሰብኩ፤ አንዱን ሳስብ ሌላው የሚያመልጠኝ እየመሰለኝ ዋልኩ።

ቴሆ ተመለሰ። ሕፃኗ ዛሬም አለች።

ማርች 26

እንደዚህ ያለ ዓመት አላየሁም። ገመዱ ሲጎተት ባዶ ዛጎል የለም ማለት ይቻላል። ቴሆ ከሁሉም ቀድሞ ገባ፤ የፕላስቲክ ሣጥኖቹ ሞልተው አፋቸው አይገጥምም። የበዓሉ ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ የጎረቤት መንደር ባልቴቶች ማይክራፎን ይዘው ይዘፍናሉ። በየምድጃው ኦክቶፐስ በቀይ በርበሬ ይጠበሳል፣ በመረቅ ይቀቀላል። ራሷ ሲቆረጥ ውስጡ ሩዝ የመሰለ እንቁላል ነው። የከተማ ሰዎች ለእሷ ነው ተሰልፈው የሚቆሙት።

እኛን መሃል አስቀመጡን። አባባ ቾንማን በገዛ እጃቸው ጠላ ቀዱልን።

«ንጹህ ቤት ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ፒልሱን እንቁላሉን ሳህኔ ላይ ቆለለችው። «ብዪ እንጂ! ያንቺ ነው፣ አንቺ ያመጣሽው ነው።»

አፌ ውስጥ አደረግኩት። በጠላ አወረድኩት። ቤቱ ረክሶ ነበር እኮ... ባሕሩ ግን ምንም አላለም። እንዲያውም ሰጠ። ታዲያ ብሄድስ ኖሮ? ያን ቀን አውቶቡሱ ላይ ብወጣስ ኖሮ?

ቤት ስንገባ አባባ ቾንማን ገመዱን ፈትተው ወስደውታል። ሰውዬው ጫማውን ሲያወልቅ «ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ» አልኩት።

«ሴት ናት አይደል?» አለኝ።

ዞሬ በሩን ዘጋሁት።

«አማችሽ መጀመሪያ የደወለው ለእኔ ነው። ያንቺ ስልክ ተይዞ ነበር። ለእሷ እንዳትነግራት አልኩት። ከዚያ ቤት ስገባ ፊትሽን አየሁ... ነግሯታል አልኩ።»

«አውቀህ ነው የሰገድከው?»

«አውቄ ነው።»

«ምን ብለህ ለመንክ?»

ጫማውን አንስቶ ከበሩ ጥግ አስቀመጠው። አሁን መጣላት ተፈቅዶልናል። እንጣላ ብለን የምንጣላበትን አጣን። ሁለታችንም ያንኑ ነገር በየጓዳችን ውጠን፣ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ሩዝ ስንቀባበል ሰነበትን።

ማርች 28

ቴጆን ነን። ትናንት በጠዋቱ አውቶቡስ መጣን።

ሕፃኗን በመስታወት አሳዩን። ሽቦ ብቻ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ሲል እተነፍሳለሁ፣ ዝቅ ሲል አቆማለሁ። ሐኪሟ «ካለፈው ሳምንት ዛሬ ትሻላለች» አለች። ስም አውጥተውላታል፤ አማቻችን ነው የነገረን።

ቦራም መስታወቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። የአራስ ሾርባዋን ከማን እንደጠጣች ጠየቅኳት። ከጎኗ ላለችው አራስ እናቷ ሾርባ ስታመጣ ለቦራምም ትጨምር ነበር አለች። «ጥሩ ሴት ናት» አለች። እግዜር ይስጣት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«ኦክቶፐሱ በዛ አሉ?» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል።

«በዛ።»

«ቴሆስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደስ ይላል» አለች። የምርም ደስ ብሏት ነው፤ ልጄን አውቃታለሁ። ተንኮል የላትም። ያ ነው የባሰብኝ።

ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሰምተን ነበር፣ ቤቱ ያኔውኑ ረክሶ ነበር፣ ምንም አልሆነም ልላት። ግን ይህ ምን ማለት ነው? በከንቱ ነው የቀረሁብሽ ማለት ነው። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ለመንደሩ ብለው ነው የቀሩት ብላ ታስብ። ያ እንኳ ይትረፍላት።

ሰውዬው ሳይጠየቅ የማይናገር ሰው ነው። ድንገት ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሚመጣው ዓመትም እናንተው አቅርቡ ብለውናል» አለ። «እምቢ እላለሁ። ፊት ለፊታቸው፣ በአዳራሹ ነው የምላቸው።»

ቦራም ዞር ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም።

«እኔ የፈለግኋችሁ የሚመጣው ዓመት አልነበረም» አለች።

ነርሷ መጥታ የጠያቂ ሰዓት አብቅቷል፣ እናትየዋ ብቻ ትቅር አለች። ወጣን። ኮሪደሩ ውስጥ ቆመን ጠበቅን፤ ምናልባት ትጠራን ይሆናል ብለን። አልጠራችንም።